በር ከመክፈት በፊት መንገዱን ማየት፦ በጓሳ ዙሪያ የመንገድ ዳር ግቢዎች መግቢያ አመራረጥን በተመለከተ የቀረበ አስተያየት

በመንዝ ደጋ ቤት የሚሠራ ሰው በሩን ወዴት እንደሚያዞር ሳያስብ መሠረት አይቆፍርም። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ የጠዋት ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ፣ ከብቱ ወደ ውኃ የሚወርድበት አቅጣጫ የትኛው እንደሆነ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ጎረቤት የሚወስደው የእግር መንገድ በየት በኩል እንደሚቀርብ አስቀድሞ ይመረምራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለውና ውርጭ በሚበረታበት አገር ይህ ጥንቃቄ ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም። ነገር ግን ግቢው በመኪና መንገድ ዳር የሚሠራ ሲሆን፣ ከእነዚህ ጥያቄዎች ጋር አብሮ መነሣት የሚገባው አንድ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ሳይነሣ ይቀራል። ይኸውም ከዚህ በር የሚወጣው ሰው ወይም እንስሳ የሚመጣውን መኪና ከምን ያህል ርቀት ያየዋል? ባለመኪናውስ እርሱን ከምን ያህል ርቀት ያየዋል? የሚለው ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው። በገጠር መንገድ ዳር የሚከፈት የግቢ መግቢያ የባለይዞታው የግል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ የመንገዱ አንድ አካል ነው። ስለሆነም ቦታው መመረጥ ያለበት ከአጥሩና ከቤቱ በፊት፣ በእይታ ርቀት መሠረት፣ ቀበሌውና የመንገዱ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት ባሉበት ነው። ይህን የምለው በከተማ መጋጠሚያዎችና በአሽከርካሪዎች ጠባይ ላይ ብዙ ስንጽፍ፣ በገጠር መንገድ ላይ ግን በሺህ የሚቆጠሩትን ትናንሽ መጋጠሚያዎች፣ ማለትም የግቢ በሮችን፣ ከጥናታችን ውጭ እንዳደረግናቸው ስለማምን ነው።

የቦታው ሁኔታ

ጓሳ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ተጓዥ በደብረ ብርሃን በኩል አልፎ፣ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ዋሻው በተፈለፈለበት በጣርማበር አካባቢ ከዋናው የደሴ መንገድ ወደ ግራ ይታጠፍና በከፍታው ጀርባ ላይ ወደ መሃል ሜዳ ያመራል። መንገዱ የጓሳን ሣራማ ሜዳ ያቋርጣል። ከሜዳው ወዲህና ወዲያ ያሉት መንደሮች በአብዛኛው ከመንገዱ ዳር የተሠሩ፣ አጥራቸው የድንጋይ ካብ የሆነ ግቢዎች ናቸው። የድንጋይ ካብ ለመንዝ ሰው ብዙ ጥቅም አለው፤ ነፋስ ይከላከላል፣ በግ ያግዳል፣ ከማሳ የተለቀመውን ድንጋይ ቦታ ያስይዛል። ለእይታ ግን ከሁሉ የከፋ አጥር ነው። በቁጥቋጦ አጥር ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር በጥቂቱም ቢሆን ይታያል፤ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ካለው የድንጋይ ካብ በስተጀርባ የቆመ ሕፃን ግን ፈጽሞ አይታይም።

በዚህ ላይ ጉም አለ። በክረምት ወራት፣ አንዳንዴም በበልግ፣ ጉሙ ከስምጥ ሸለቆው በኩል ሽቅብ ወጥቶ መንገዱን ሲሸፍነው የእይታ ርቀቱ በጥቂት አሥር ሜትሮች የሚቆጠር ይሆናል። ጠጠሩ በዝናብ ሲርስ ፍሬን የሚፈለገውን ያህል አይዝም። መንገዱ የሚያገለግለው ደግሞ መኪናን ብቻ አይደለም። ወደ ገበያ የሚሄድ እግረኛ፣ የጓሳ ሣር የተጫነ አህያ፣ በቅሎ፣ የበግ መንጋ፣ ተማሪ፣ ሞተር ብስክሌት፣ የጭነት መኪና ሁሉም በአንድ መስመር ይጓዛሉ። የእግረኛ መሄጃ ተብሎ የተለየ ቦታ የለም።

ያደግሁበት ግቢ በዚሁ ደጋ በአንድ ኩርባ ላይ የሚገኝ ነው። በሩ የተከፈተው ከኩርባው ውስጠኛ ጎን፣ ከካቡ መጨረሻ ላይ ነበር። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ማለዳ በጎቹን ከበር ሳስወጣ፣ ፊት ፊት ትመራ የነበረችውን እናት በግና ሁለት ግልገሎች መኪና ገደለብኝ። እኔ ከመንጋው በስተኋላ ስለነበርኩ ተረፍኩ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገሩን ሲያዩ ባለመኪናው ፍጥነት እንዳልነበረው፣ እኔም እንዳልዘናጋሁ ተስማሙ፤ ካሣው ተከፍሎ ነገሩ አለቀ። ከብዙ ዓመታት በኋላ አያቴን በሩ ለምን እዚያ እንደተከፈተ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ በሩ እኮ ወደ ምንጩ ነው የሚያየው። ያን ጊዜ መኪና መቼ ነበረና!» አሉኝ። መልሳቸው እውነት ነው። በሩ ሲከፈት ለዘመኑ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነበር። መንገዱ ሲሰፋና ተሽከርካሪ ሲበዛ ግን በሩ ባለበት ቀረ። በዚያ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ባለመኪናውንና እረኛውን መረመሩ፤ በሩን ግን ማንም አልመረመረውም። እኛ ተመራማሪዎችም እስከ ዛሬ የምናደርገው ከዚህ ብዙ የተለየ አይመስለኝም።

ርቀቱ ስንት መሆን አለበት?

አንድ አሽከርካሪ በፊቱ እንቅፋት ባየ ጊዜ ወዲያውኑ አይቆምም። በመጀመሪያ ያስተውላል፣ ይወስናል፣ እግሩን ወደ ፍሬን ያዞራል፤ በዓለም አቀፍ የመንገድ ንድፍ መመሪያዎች ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ጊዜ 2.5 ሰከንድ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በዚህ ጊዜ ውስጥ ብቻ 42 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ፍሬኑ መያዝ ይጀምራል። ለንድፍ የሚወሰደው የፍጥነት መቀነሻ መጠን በየሰከንዱ 3.4 ሜትር በሰከንድ ሲሆን፣ በዚህ ስሌት መኪናው ተጨማሪ 41 ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ በደልዳላ መንገድ ላይ ጠቅላላ የመቆሚያ ርቀቱ 83 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ይህ ቁጥር የጥሩ መንገድ ቁጥር ነው። መንገዱ 8 በመቶ ቁልቁለት ከሆነ ርቀቱ ወደ 95 ሜትር ያድጋል። በረጠበ ወይም በላላ ጠጠር ላይ የፍሬኑ ኃይል ወደ 2.5 ይወርዳል ብለን ታሳቢ ብናደርግ፣ በደልዳላው 97 ሜትር፣ በ8 በመቶ ቁልቁለት ደግሞ 123 ሜትር ያስፈልጋል። የመጨረሻው ታሳቢ የራሴ እንጂ በቦታው የተለካ ውጤት አለመሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ሆኖም አቅጣጫው አያሳስትም፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚጓዝ አንድ መኪና በደጋው ቁልቁለትና ጠጠር ላይ ለመቆም በደልዳላ አስፋልት ላይ ከሚያስፈልገው ርቀት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ሊፈልግ ይችላል።

አሁን ይህን ርቀት ከድንጋይ ካቡ ጋር እናስተያየው። የማዞሪያ ራዲየሱ 100 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ በውስጠኛው መስመር የሚጓዝ አሽከርካሪ 83 ሜትር አሻግሮ እንዲያይ፣ ከመስመሩ መሐል ወደ ውስጥ 8.6 ሜትር ያህል ቦታ ከማናቸውም ከለላ ነፃ መሆን አለበት። ካቡ በ4 ሜትር ላይ ከተሠራ አሽከርካሪው የሚያየው 57 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ የእይታ ርቀት በአስተማማኝ ሁኔታ መቆም የሚችለው ፍጥነቱ በሰዓት ከ47 ኪሎ ሜትር ካልበለጠ ነው። በጉም ጊዜ እይታው 30 ሜትር ቢሆን ደግሞ በደልዳላና በጥሩ መንገድ ላይ እንኳ ከ29 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አይችልም ማለት ነው። የእኔ በጎች የሞቱበት ኩርባ ከዚህ ስሌት ውጭ እንዳልነበረ ለመገመት አያዳግትም። በዚያ ማለዳ ጥፋተኛ ያልተገኘው ጥፋቱ በጂኦሜትሪው ውስጥ ስለነበረ ነው።

እስካሁን የተባለው በመንገዱ ላይ ስላለው አሽከርካሪ ነው። ከግቢ የሚወጣው ደግሞ የራሱ ርቀት ያስፈልገዋል። ቆሞ የነበረ ትንሽ መኪና ወደ ግራ ታጥፎ መንገዱን ለመቀላቀል 7.5 ሰከንድ ያህል ክፍተት እንደሚያስፈልገው በንድፍ መመሪያዎች ይወሰዳል፤ ለመካከለኛ የጭነት መኪና ደግሞ 9.5 ሰከንድ። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የመጀመሪያው 125 ሜትር፣ ሁለተኛው 158 ሜትር ይሆናል። እነዚህ መመሪያዎች የተዘጋጁት ግን ከግቢው የሚወጣው ተሽከርካሪ ነው ብለው ነው። በጓሳ ዙሪያ ከግቢ በብዛት የሚወጣው ተሽከርካሪ አይደለም። ሃያ በግ የሚነዳ ልጅ መንጋውን ለማሻገር ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅበት፣ በዚያው ፍጥነት የሚመጣ መኪና 500 ሜትር ይጓዛል። በዚያ ተራራማ አገር በሁለቱም አቅጣጫ 500 ሜትር የሚያሳይ በር ማግኘት እጅግ አልፎ አልፎ የሚሆን ነው። ከዚህ የምደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው፤ የከብት በርና የመንገድ በር መለየት አለባቸው። ግቢው በጀርባው ወይም በጎኑ ወደ ግጦሽ የሚወስድ መውጫ ካለው፣ መንጋው በየዕለቱ ወደ መኪና መንገድ የሚወጣበት ምክንያት ይቀራል። መንገዱን ማቋረጥ ግድ በሚሆንበትም ጊዜ ማቋረጫው ለመንደሩ በጋራ፣ እይታው ከሁሉ በተሻለበት ቦታ ላይ ሊወሰን ይችላል።

በሩ የት ይሁን?

ከላይ የተመለከተው ስሌት ለእያንዳንዱ ባለይዞታ መሐንዲስ ይላክ የሚያሰኝ አይደለም። ቦታን ለመምረጥ የሚያገለግሉ ጥቂት ግልጽ ደንቦች አሉ።

የመጀመሪያው ኩርባን ይመለከታል። የኩርባው ውስጠኛ ጎን ለእይታ የከፋው ቦታ ነው፤ ካብ፣ ባሕር ዛፍ ወይም የተቆረጠ ገደል ካለበት ፈጽሞ መወገድ አለበት። ውጨኛው ጎን የተሻለ እይታ ይሰጣል፤ ሆኖም ከቁጥጥር የወጣ መኪና ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ወደዚያው ስለሆነ ቤትና የልጆች መጫወቻ ከበሩ አጠገብ መሆን የለባቸውም። ምርጫ ካለ ቀጥተኛው የመንገድ ክፍል ከሁለቱም ይበልጣል።

ሁለተኛው ዳገትን ይመለከታል። ብዙ ሰው ከዳገት አናት መራቅ ይበጃል ብሎ በሩን ከአናቱ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ይከፍታል። ይህ ግን ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ ከወዲያ በኩል የሚመጣው አሽከርካሪ አናቱ ላይ እስኪደርስ ድረስ በሩን አያይም፣ ካየውም በኋላ የሚቆመው በቁልቁለት ነው። ከአናቱ ፈጽሞ መራቅ ካልተቻለ በአናቱ ላይ መክፈት ይሻላል፤ ከዚያ የሚወጣ ሰው ሁለቱንም አቅጣጫ ያያል፣ ከሁለቱም አቅጣጫ ይታያል። የቆላው ጎድጓዳ መልክ ባለው የመንገዱ ዝቅተኛ ክፍል ላይ ደግሞ እይታው መልካም ቢመስልም ውኃ የሚተኛውና ጉም የሚከማቸው እዚያው ስለሆነ በደጋ አገር ጥንቃቄ ያሻዋል።

ሦስተኛው የበሩን አቀማመጥ ይመለከታል። መግቢያው ከመንገዱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሊፈጥር ይገባል፤ አግድም የገባ በር አንዱን አቅጣጫ ከትከሻ በላይ ዞሮ ለማየት ያስገድዳል። ከመንገዱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ቢያንስ 6 ሜትር ደልዳላ ቦታ ሊኖር፣ መዝጊያውም ከዚያ በኋላ ተተክሎ ወደ ውስጥ ሊከፈት ይገባል። እንዲህ ከሆነ መዝጊያው እስኪከፈት የሚጠብቅ መኪና በመንገዱ ላይ አይቆምም፤ ከግቢ ሮጦ የወጣ ሕፃንም መንገዱ ላይ ከመድረሱ በፊት የሚታይበት ጥቂት ርቀት ይኖረዋል። ከበሩ ግራና ቀኝ ያለው ካብ ከመንገዱ ፈቀቅ ብሎ ወደ ውስጥ ቢታጠፍ ወይም በዚያ ክፍል ቁመቱ ከጉልበት ባይበልጥ የእይታው ማዕዘን ይከፈታል።

አራተኛው መለኪያን ይመለከታል። መሣሪያ የሌለው ቀበሌም ሊለካ ይችላል። አንድ ሰው በሩ ሊከፈት በታሰበበት ቦታ ከመንገዱ ጠርዝ 3 ሜትር ወደ ውስጥ ቆሞ፣ ዓይኑን ወደ አንድ ሜትር ከፍታ ዝቅ ያደርጋል፤ ይህ የትንሽ መኪና አሽከርካሪ ዓይን ያለበት ከፍታ ሲሆን ለልጅ ቁመትም የቀረበ ነው። ሌላው አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዱላ መሬት ላይ አቁሞ በመንገዱ እየራቀ ይሄዳል። ዱላው ከዓይን የሚሰወርበት ቦታ ይመዘገብና በገመድ ይለካል። በሁለቱም አቅጣጫ ይደገማል። ሁለተኛው ዘዴ የበለጠ ቀላል ነው፤ በገበያ ቀን እዚያው ቆሞ፣ መኪና ብቅ ካለበት ቅጽበት ጀምሮ በፊት ለፊት እስኪያልፍ ያለውን ሰከንድ መቁጠር። ይህ ዘዴ የሚለካው አሽከርካሪዎች በእውን የሚሄዱበትን ፍጥነት ስለሆነ ከወረቀት ፍጥነት ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ለትንሽ መኪና ከ8 ሰከንድ፣ የጭነት መኪና ለሚገባበትና ለሚወጣበት ግቢ ከ10 ሰከንድ የሚያንስ ከሆነ ያ ቦታ ለበር አይሆንም።

ቦዩ ሲደፈን

ስለ መግቢያ ቦታ ሲነገር የሚዘነጋ ሌላ ጉዳይ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነው። የገጠር መንገድ በጎኑ ቦይ አለው፤ ግቢው ከቦዩ ወዲያ ነው። ባለይዞታው መግቢያ ሲፈልግ ቦዩን በድንጋይና በአፈር ይደፍነዋል። በክረምት ውኃው መሄጃ ሲያጣ በመንገዱ ላይ ይፈስሳል፣ ጠጠሩን ያጥባል፣ ትከሻውን ይሸረሽራል፤ አሽከርካሪዎችም ጉድጓዱን ለመሸሽ ወደ ሌላኛው ጎን፣ ወደ እግረኛው ይጠጋሉ። እንዲህ እያለ የአንዱ ግቢ ምቾት የታችኛው ግቢ ጎርፍ፣ የመንገደኛውም አደጋ ይሆናል።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ከመግቢያው በታች በቂ ስፋት ያለው ቱቦ መቅበር፣ ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ የተሸፈነ መሻገሪያ መሥራት። የመንዝ ግንበኛ ለዚህ የሚሆን ሙያ አያንሰውም። የሚያንሰው ቱቦው በየት በኩል፣ በምን ጥልቀት መቀበር እንዳለበት አስቀድሞ የሚነግረው አካል ነው። ከዚህም ሌላ ሦስት ወይም አራት ጎረቤታሞች እይታው በተሻለበት ቦታ አንድ የጋራ መግቢያ ቢያዘጋጁና ከካቡ በስተጀርባ በውስጥ መንገድ ወደየግቢያቸው ቢዘልቁ፣ አንድ ቱቦ ለአራቱ ይበቃል፣ በመንገዱ ላይ ያሉት የግጭት ነጥቦችም በአንድ አራተኛ ይወሰናሉ። በሌላው መሬት ላይ የመተላለፍ መብት ለአገራችን ሕግ አዲስ አይደለም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መውጫ ያጣ ባለመሬት በጎረቤቱ መሬት ላይ መተላለፊያ ሊያገኝ የሚችልበትን ሁኔታ አስቦበታል። በባህልም ቢሆን ጎረቤት ለጎረቤት መንገድ አይከለክልም።

የሚነሡ መቃወሚያዎች

ለዚህ አስተያየት ሦስት መቃወሚያዎች እንደሚቀርቡ እገምታለሁ። አንደኛው፣ በጓሳ መንገድ የሚያልፈው ተሽከርካሪ ጥቂት ነው የሚል ነው። እውነት ነው። ነገር ግን የተሽከርካሪ ማነስ ራሱ ጥንቃቄን ያላላል፤ ልጁም በጉም ባዶ መንገድ ይለምዳሉ፣ አሽከርካሪውም ባዶ መንገድ ይለምዳል። ደግሞም ጥቂትነቱ የዛሬ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ዓላማው ቀበሌዎችን ሁሉ በበጋም በክረምትም ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ማገናኘት ነበር። የጠጠር መንገድ አስፋልት ሲሆን መጀመሪያ የሚለወጠው ፍጥነት ነው። በሮቹ ግን በአሮጌው ፍጥነት ልክ እንደተከፈቱ ይቆያሉ። ዛሬ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 46 ሜትር የሚበቃው በር፣ ነገ በ60 ኪሎ ሜትር 83 ሜትር ይጠየቃል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ይከብዳል፤ የገበሬው ይዞታ ጠባብ ነው፣ በሩን የሚመርጥበት ስፋት የለውም የሚል ነው። ይህ በብዙ ቦታ ትክክል ነው፤ ስለዚህም ነው ኃላፊነቱ በእርሱ ብቻ ላይ መጣል የለበትም የምለው። ምርጫ የሚኖረው መሬቱ ሲሸነሸንና ቦታው ሲሰጥ ነው። የቤት መሥሪያ ቦታ በረጅም ጎኑ መንገዱን ይዞ ከሚሰጥ ይልቅ በጠባብ ጎኑ ቢሰጥና መግቢያው በዚያው ጊዜ በካስማ ቢመለከት፣ ባለይዞታው የሚያጣው ነገር የለም። ካቡ ከተካበ፣ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ግን በርን ማዛወር ማለት ካብ ማፍረስ ነው።

ሦስተኛው፣ ጥፋቱ የአሽከርካሪው ነው፣ ፍጥነቱን ይቀንስ የሚል ነው። ይቀንስ፤ እኔም እላለሁ። ይሁን እንጂ ፍጥነትን መቀነስ የሚቻለው የሚቀነስበትን ምክንያት ሲያዩት ነው። ከካብ ጀርባ የተሰወረ በር ለአሽከርካሪው ምክንያት አይሰጠውም። ስለዚህ መዛወር የማይችሉ ነባር በሮች ቢያንስ ይታዩ፤ ከግራና ከቀኝ የካቡ ቁመት ይቀነስ፣ በመግቢያው ዳር የሚተከሉ ድንጋዮች ኖራ ይቀቡ። ነጭ ድንጋይ ጉምን ባያሸንፍም ከግራጫ ካብ ይሻላል።

ከቀሮ የምንማረው

ይህን ሁሉ የሚያስፈጽመው ማን ነው? ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ጓሳ በዓለም የታወቀው በቀይ ቀበሮውና በጭላዳው ብቻ አይደለም፤ በቀሮ ሥርዓቱም ጭምር ነው። ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ፣ በአስቦና በጌራ ዘመን ተመሠረተ የሚባለው ይህ ሥርዓት፣ የጓሳ ሣር መቼ እንደሚታጨድ፣ ሜዳው ለስንት ዓመት ተዘግቶ እንደሚቆይ፣ ማን መግባት እንደሚችል በማኅበረሰቡ ስምምነት ይወስን ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ የሥርዓቱ መሠረት ተናጋ፤ ሆኖም የጋራ ጥበቃው መንፈስ አልጠፋም፣ ዛሬም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ሆኖ ይጠበቃል።

በእኔ ንባብ ቀሮ በመሠረቱ የመግቢያ ሕግ ነበር። ሣሩ የጋራ ስለሆነ አንዱ በፈለገበት ጊዜና በፈለገበት በኩል ቢገባ ሌላው ይጎዳል የሚለው አስተሳሰብ ነው ሥርዓቱን ያቆመው። መንገድም እንደ ሣሩ የጋራ ሀብት ነው። በፈለግሁበት በኩል በር ብከፍት፣ ቦይ ብደፍን፣ እይታ ብከልል የምጎዳው ሌላውን ነው፤ እንደ እኔ በጎች ከሆነም ራሴን። ስለዚህ በር የሚከፈትበትን ቦታ በጋራ መወሰን ለመንዝ ሰው እንግዳ ሐሳብ ሊሆንበት አይችልም። ከውጭ የመጣ ደንብ አድርገን ካቀረብነው ይገፋዋል፤ የራሱ ልማድ ቅጥያ አድርገን ካቀረብነው ግን የሚቀበለው ይመስለኛል።

በተግባር ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የቀበሌ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ በመንገድ ዳር የቤት ቦታ ሲሰጥ ወይም ይዞታን በካርታ ሲያረጋግጥ የመግቢያውን ነጥብ አብሮ ያመልክት። ድንበር ተለክቶ በር ሳይለካ መቅረት የለበትም። ሁለተኛ፣ መንገድ ሲሻሻል ተቋራጩና አማካሪ መሐንዲሱ ነባር በሮችን በሙሉ ይመዝግቡ፤ የማያሳዩትን በአንድ የጋራ መግቢያ ማሰባሰብና ቱቦ መቅበር ከሥራው ዝርዝር ውስጥ ይግባ። ለካሣ መሬት ሲለካ፣ አጥር ሲፈርስና ሲሠራ፣ በሩን ማዛወር የሚጨምረው ወጪ ከሁሉ የሚያንስበት ጊዜ ያ ነው። ሦስተኛው ለእኛ ለራሳችን ነው። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በአንድ የክረምት ወር ከጣርማበር እስከ መሃል ሜዳ በእግሩ ቢሄድ የእያንዳንዱን በር የእይታ ርቀት በገመድና በዱላ ሊመዘግብ ይችላል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መሻገሪያ ቦታዎችንም አብሮ ቢመዘግብ ለጥበቃ ሥራው የሚሆን መረጃ ያገኛል። እንዲህ ያለ ሰነድ ሲኖር ስለ በር የምንናገረው በግምት ሳይሆን በቁጥር ይሆናል።

ያደግሁበት ግቢ በር ዛሬም በቦታው አለ። አያቴ ካረፉ በኋላ ከአጎቴ ጋር ሆነን ካቡን በበሩ ግራና ቀኝ እስከ ጉልበት ዝቅ አደረግነው፤ ለበጎቹ ደግሞ በጀርባ በኩል ወደ ግጦሹ የሚያወጣ ሌላ በር ከፈትን። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ከእነዚያ ሁለት ቀናት በፊት ግን ዐሥራ አምስት ዓመታት አልፈዋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ በየማለዳው አንድ ልጅ ከካቡ ጀርባ ሳያይና ሳይታይ ወደ መንገዱ ይወጣ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶች። አዲስ መንገድ በሚገባበት አገር ሁሉ ቅጠሉ ያለው በእጃችን ነው፤ የሚጠይቀውም ካስማ ከመትከላችን በፊት ቆመን ግራና ቀኝ ማየትን ብቻ ነው።